የተተከለና የጸደቀ

በአማርኛችን ከምወዳቸው ቃላት አንዱ «ጸደቀ» ነው። ችግኝ ሥር ሲሰድ ጸደቀ እንላለን። ሕግ በምክር ቤት ሲያልፍም ጸደቀ እንላለን። ሰውም በመጨረሻው ፍርድ ፊት ቆሞ ወይ ይጸድቃል ወይ ይኮነናል። ሦስቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ሕዝብ ገበሬም፣ ዳኛም፣ መነኩሴም የነበረ ሕዝብ መሆን አለበት።

የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ ነው። ብድር ጠያቂ ፊቴ ሲቀመጥ ስለ ነገ የሚነግረኝን ዕቅድ በትሕትና አዳምጣለሁ፤ ዓይኔ ግን ያለፈውን ብድር እንዴት እንደከፈለ በሚናገረው ወረቀት ላይ ነው። ድምፅ ጠያቂዎችን፣ የምርጫ ዕጩዎችን ማለቴ ነው፣ እንዲህ አድርጎ የሚመረምር መራጭ ብዙ አይገኝም፤ በተለይ ነገሩ ዛፍ፣ ወንዝ፣ አፈር ሲሆን። ዕጩው ስንት እንደሚተክል ይነግረናል። ስንቱ እንደጸደቀ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ዕጩው ዘመኑን ጨርሶ ሄዷል።

ይህንን ነገር ከጎረቤታችን ከኬንያ ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ ከአንዲት ሴት ሕይወት፣ አጥርቶ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበለች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆኗን አንባቢ ያውቃል። አራት ጊዜ ለምርጫ ተነሥታ አንዴ ብቻ እንደተሳካላት ግን ብዙ አይነገርም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንቱታውንም ለፕሬዚዳንቶቹ ትቼ እርሷን በአንቺታ እጠራታለሁ፤ እኔ ባደግሁበት ቤት እናትን አንቱ የሚል አልነበረም።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሷ ዕጩነት ሳይሆን ከባሏ ነው። በ1974 ምዋንጊ ማታይ በናይሮቢ የላንጋታ ምርጫ ክልል ለፓርላማ ተወዳደረ። ዋንጋሪ ያኔ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች፤ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪዋን ስትቀበል በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ለዚያ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላለች። ከባሏ ጋር ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ድምፅ ለመነች። ባልም ሥራ ላጡት ሰዎች ሥራ እንደሚያስገኝላቸው ቃል ገባ፤ ተመረጠም። ከምርጫው በኋላ ሚስት ስለዚያ ቃል ስትጠይቀው ነገሩን የቅስቀሳ ሰሞን ወሬ አድርጎ እንዳለፈው በ2006 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ጽፋለች።

እርሷ ግን ልታልፈው አልቻለችም። ኤንቫይሮኬር የተባለ አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋመች፤ ሐሳቡ ሥራ አጦቹ በባለጸጎች ግቢ ውስጥ ዛፍና አበባ እየተከሉ ደመወዝ እንዲያገኙ ነበር። የችግኝ ጣቢያው በከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ ባለው በካሩራ ደን ውስጥ ተከፈተ። ገንዘብ አጠረ፣ ገዢም ጠፋ፣ ድርጅቱ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። የካሩራን ስም ግን አንባቢ ይያዝልኝ፤ እንመለስበታለን።

ዓለም በኋላ ያጨበጨበለት ንቅናቄ የተጸነሰው እንግዲህ በአንድ ዕጩ ባዶ ቃል ውስጥ ነው። በሙያዬ ቋንቋ ልናገርና፣ ባል የፈረመውን ዕዳ ሚስት ልትከፍል ተነሣች። ትዳሩ በ1979 በፍቺ ሲያበቃ ባል ስሜን ተዪ አላት። እርሷም በስሙ ፊደላት መካከል አንድ «አ» ጨምራ ስሙን የራሷ አደረገችው። ከዚህ የተሻለ የቅኔ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ኤንቫይሮኬር ከወደቀ በኋላ ሐሳቡን ወደ ኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ወሰደችው። ጁን 5 ቀን 1977 ሰልፈኞች ወደ ናይሮቢው ካሙኩንጂ ሜዳ ሄደው ሰባት ዛፎች ተከሉ። ግሪን ቤልት የተባለው ንቅናቄ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ከሰባቱ ዛፎች እስከ መጨረሻ የቆሙት ሁለት ብቻ እንደነበሩ ራሷ ጽፋለች፤ ከሁለቱ አንዱ እኛ ዋንዛ የምንለው ዛፍ ነው። ልብ በሉ፣ የራሷን የመጀመሪያ ሥራ ስትቆጥር እንኳ የተተከለውን ብቻ ቆጥራ አላቆመችም።

ይህ ጠባይዋ በንቅናቄው አሠራር ውስጥም ገብቷል። ችግኝ ለሚያፈሉት የገጠር ሴቶች አነስተኛ ክፍያ ይሰጥ ነበር፤ ክፍያው ግን ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ነበር። አንዲት ሴት መቶ ተክላ ሠላሳ ቢጸድቅላት የሠላሳውን ትቀበላለች። እኔ ይህንን ሳነብ ብዙ የልማት ሪፖርቶች ትዝ አሉኝና ለብቻዬ ሳቅሁ። የእነዚያ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሒሳብ ከሚኒስቴሮች ሒሳብ የጠበቀ ነበር።

በ1982 ኒዬሪ በተባለው የትውልድ አውራጃዋ የፓርላማ ወንበር ክፍት ሆነ። ሕጉ የመንግሥት ተቀጣሪ እንዳይወዳደር ስለሚከለክል ከዩኒቨርሲቲው ሥራዋን ለቀቀች። ወዲያው በመራጭነት በአግባቡ አልተመዘገበችም ተብላ ከውድድሩ ተሰረዘች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሳ ሥራዋን ብትጠይቅ ቦታው የለም ተባለች፤ የምትኖርበትም ቤት የዩኒቨርሲቲው ነበርና ልቀቂ ተባለች። አንድም ድምፅ ሳይሰጥ አንድ ምርጫ ሥራዋንም ቤቷንም ወሰደባት። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጊዜዋን ለችግኙ ሰጠች። ያን ቀን መዝጋቢው ቢያሳልፋት ኖሮ ምናልባት ከብዙዎቹ አንዷ እንደራሴ ሆና ትቀር ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የተፈጥሮ ጠላት ነበሩ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። በ1981 የአፈር ጥበቃና የደን ልማት ኮሚሽን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት ለማዳን ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ተሸክመው ጋቢዮን ሲሠሩ መታየት ያዘወትሩ ነበር። ከሁሉ የገነነው ደግሞ በጁላይ 1989 በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ ከምረው እሳት የለኮሱበት ቀን ነው። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አገሮች ተሰብስበው የአፍሪካ ዝሆንን ጥርስ ንግድ ለመዝጋት ሲወስኑ ያ ጭስ በብዙዎች ዓይን ውስጥ ነበር።

በዚያው በ1989፣ የዝሆን ጥርሱ አመድ ሳይበርድ ልበል፣ የሞይ ፓርቲ ካኑ በናይሮቢ መሐል በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊያቆም ተነሣ። ፓርኩ ድሃው በእሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ በነፃ የሚተነፍስበት ሣር ነው። ሕንፃው የፓርቲውን ጋዜጣ፣ ቢሮዎችንና ሱቆችን እንዲይዝ፣ ከፊቱም የፕሬዚዳንቱ ግዙፍ ሐውልት እንዲቆም ታቅዶ ነበር።

ዋንጋሪ መሣሪያዋ ደብዳቤ ነበር። ለሚኒስትሮች ጻፈች፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ጻፈች፣ ለናይሮቢ ለውጭ አገር መልእክተኞችም ጻፈች። የፓርላማ አባላት ወንበራቸው ላይ ሆነው ንቅናቄውን የፈቶች ማኅበር አሉት። ፕሬዚዳንቱ በበኩላቸው በአፍሪካ ወግ ጥሩ ሴት ወንዶችን ታከብራለች፣ ዝምም ትላለች የሚል ምክር በአደባባይ ሰጡ። ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ አንቺ በግልሽ ምን ተጎዳሽና ትከሻለሽ በሚል ምክንያት በዲሴምበር 1989 መዝገቡ ተዘጋ። ንቅናቄው ከነበረበት የመንግሥት ቢሮም እንዲወጣ ተደረገ፤ ሠራተኞቹ ወደ እርሷ መኖሪያ ቤት ገቡ።

ሕንፃው ግን አልተሠራም። ጩኸቱ ባሕር ተሻግሮ ስለነበር ገንዘብ አቅራቢዎቹ ማመንታት ጀመሩ። መጀመሪያ የሕንፃው ቁመት ተቀነሰ፣ በኋላም ዕቅዱ ተተወ፣ በፌብሯሪ 1992 አጥሩ ተነቀለ። ሕግ ያላቆመውን የአበዳሪ ፍርሃት አቆመው። ባንክ ቤት ስለምሠራ በዚህ ትንሽ ብኮራ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

እንግዲህ የሞይ መዝገብ ምን ይላል? ጥርሱን ያቃጠለችውም እጅ፣ ፓርኩን ልትቆፍር የተዘረጋችውም እጅ፣ አንድ እጅ ናት። ያየሁት ልዩነት ይህ ነው፤ ዝሆኑን ማዳን በእርሳቸው ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች መሬት አልነጠቀም፤ ጭራሽ ቱሪስት አመጣላቸው። ፓርኩን መተው ግን ከወዳጅ አፍ መንጠቅ ነበር። የአንድን ዕጩ አቋም መለካት የሚቻለው ለወዳጁ እንቢ ማለት ባለበት ቦታ ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ የፎቶግራፍ ነገር ነው።

በማርች 1992 እዚያው ኡሁሩ ፓርክ ጥግ ላይ ከፖለቲካ እስረኞች እናቶች ጋር በረሃብ አድማ ላይ ሳለች በፖሊስ ተደብድባ ራሷን ሳተች። በ1997 ሞይን ተቃውመው ከተሰለፉት ከብዙዎቹ ዕጩዎች አንዷ ሆና ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረች። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሷን አገለለች የሚል የሐሰት ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያገኘችው ድምፅ ከመቶ አንድ እጅ አልሞላም። ስለዚህ ምርጫ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ እርሷም በመጽሐፏ አላስረዘመችውም።

አሁን ካሩራ። በ1998 የደኑ መሬት ለግል አልሚዎች ተሸንሽኖ መሰጠቱ ታወቀ። 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን ጫካ፣ ወንዞችና ፏፏቴ ያሉበት፣ ለሀብታም ቤትና ቢሮ ሊመነጠር ነው። ዋንጋሪ በሃያ ዓመት ውስጥ የተማረችው መቃወሚያ አንድ ነው፤ ችግኝ ይዛ ሄደች። ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 ዛፍ ለመትከል ወደ ደኑ በር ከሄዱት ሰዎች ጋር ሳለች ዱላና ጅራፍ የያዙ ዘበኞች ወረዱባቸው። እርሷም ራሷን ተፈነከተች። ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ክሷን አስመዘገበች፤ ፈርሚ ሲሏት ከተፈነከተው ራሷ በሚፈሰው ደም ፈረመች።

በዕለት ሥራዬ ብዙ ፊርማ አያለሁ። የተንቀጠቀጠ፣ የተኮረጀ፣ በጣት አሻራ የተተካ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን በመጽሐፍ ብቻ ነው ያገኘሁት።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሞይ የሕዝብ መሬት ለግለሰብ መስጠት ቆሟል ሲሉ አወጁ። ካሩራ ተረፈ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ2001 መጀመሪያ፣ ያው መንግሥት ከመላ አገሪቱ 67,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን ደን ከጥበቃ መዝገብ ለማውጣት ማሰቡን አስታወቀ፤ ዋንጋሪም ይህንን በመቃወም ፊርማ ስታሰባስብ ታሰረች። ምርጫው ቀርቦ ነበርና መሬት ያኔ ጥሬ ገንዘብ ነበረች።

በዲሴምበር 2002 የሃያ አራት ዓመቱ የሞይ ዘመን አበቃ። ዋንጋሪ በተቃዋሚዎች ኅብረት ስም በቴቱ ምርጫ ክልል ቀርባ ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ ድምፅ አገኘች። ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪም በጃንዋሪ 2003 የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ምክትል ሚኒስትር አድርገው ሾሟት፤ እስከ ኖቬምበር 2005 በዚያ ቆየች። የኖቤሉ ዜና በኦክቶበር 2004 ሲሰማ ኒዬሪ ውስጥ ነበረች፤ ደስታዋን የገለጸችውም ከኬንያ ተራራ ፊት ለፊት ዛፍ በመትከል ነው።

ሚኒስትር ሳትሆን ምክትል መሆኗ ብዙዎችን አስገርሟል፤ እኔንም። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ ያላት ሴት ለዋናው ወንበር ካልበቃች ማን ይበቃል? ለእኔ ይህ የሚነግረኝ አዲሱ መንግሥት በስሟ መመረጥ እንጂ በሐሳቧ መመራት እንዳልፈለገ ነው።

ከዚያ 2007 መጣ። የቴቱ ሰዎች፣ ከአምስት ዓመት በፊት እንደ አንድ ሰው የመረጧት፣ በፓርቲው የዕጩዎች ምርጫ ላይ ጣሏት። በሌላ ትንሽ አረንጓዴ ፓርቲ ስም ቀርባ በዲሴምበሩም ምርጫ ተሸነፈች። የኖቤል ሜዳልያ ቤቷ ተሰቅሎ፣ ዓለም ሁሉ እየጋበዛት፣ ገና ሦስት ዓመት እንዳለፈ።

ይህንን ያነበበ ሰው መራጩን ለመርገም ይቸኩላል። እኔም መጀመሪያ ቸኩዬ ነበር። ነገር ግን የሚወራባት ቅሬታ፣ ሁልጊዜ ውጭ አገር ናት፣ አናገኛትም የሚለው፣ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። ሻይና ቡና የሚያለማው የቴቱ ገበሬ ከእንደራሴው የሚጠብቀው መንገድ፣ ክሊኒክ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እነዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ ይታያሉ ወይም አይታዩም። ዝግባ ግን በአምስት ዓመቱ ገና ልጅ ነው፤ የደረቀ ምንጭም በአንድ የምርጫ ዘመን ተመልሶ አይፈልቅም። (ባሕር ዛፍ ሹመኞች ዘንድ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቶሎ አድጎ ለሪፖርት ይደርሳል።) የእርሷ ክፍያ የሚደርሰው በዚያን ቀን ድምፅ ለሰጡት ሰዎች ሳይሆን ገና ላልተወለዱት ነበር። እነርሱ ደግሞ ካርድ የላቸውም።

ልጅ ሳለች እናቷ ማገዶ ስትልካት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጭራሮ እንዳትለቅም ታስጠነቅቃት ነበር። ዛፉ ከእኛ ሾላና ዋርካ ወገን የሆነ፣ ኪኩዩዎች የእግዜር ዛፍ የሚሉት ሙጉሞ ነበር። ከሥሩ ንጹሕ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። ከአሜሪካ ተምራ ስትመለስ ዛፉ ተቆርጦ፣ ቦታው ለሻይ ተመንጥሮ፣ ምንጩም ደርቆ ደረሰች። ሻይ ያስተከለውም ሰው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በ2007ቱ መራጭ ላይ ስፈርድ ይህ ሰው ፊቴ እየመጣ ብዕሬን ይይዘኛል።

ነገሩ በእርሷ አላበቃም። የማው ደን 400,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን፣ ሴሬንጌቲን የሚያጠጣው የማራ ወንዝ የሚነሣበት፣ ለቪክቶሪያና ለናኩሩ ሐይቆች ውኃ የሚልክ የኬንያ ትልቁ የውኃ ማማ ነው። ባለፉት መንግሥታት ዘመን ሩቡ ያህል ለሰፋሪና ለሹመኛ ታድሎ ተመንጥሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ በ2009 ደኑን ለማስመለስ ሰፋሪዎችን ማስወጣት ሲጀምሩ፣ በዚያው መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር የነበሩት ዊሊያም ሩቶ ለሰፋሪዎቹ ቆመው ካሣ ይከፈል አሉ። በ2007 ለራይላ ድምፁን የሰጠው የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ በ2013 ከሩቶ ጋር ሄደ። ምክንያቱ ማው ብቻ አልነበረም፤ የዘር ፖለቲካው፣ የሄጉ ክስ፣ ሌላም ሌላም አለበት። ቢሆንም ከዝናብ ውስጥ ከነልጆቹ ተባርሮ የወጣ ገበሬ ደኑን ያዳኑትን ሊመርጥ አይችልም፤ ትልልቁ መሬት ያዥ ሳይነካ ድሃው ቀድሞ መውጣቱ ደግሞ የራይላም ጥፋት ነበር።

ሩቶ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ2022 መጨረሻ በአሥር ዓመት 15 ቢሊዮን ዛፍ እንደሚተከል አወጁ። በጁላይ 2023 ከ2018 ጀምሮ የነበረውን የዛፍ ቆረጣ እገዳ ማንሣታቸውን አስታወቁ፤ የደረሱ ዛፎች በቁማቸው እየበሰበሱ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 13 ቀን ደግሞ አገሩ ሁሉ ሥራ ዘግቶ 100 ሚሊዮን ዛፍ እንዲተክል በዓል ተደረገ። እኛም አገር በጁላይ 29 ቀን 2019፣ በእኛው ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ባሳወቀ ማግሥት ሻይ ቤት ተቀምጦ «ስንቱ ጸደቀ?» ያላለ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው ተቃውሞ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ለካሙኩንጂዎቹ ሴቶች ግን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ነበር።

ዋንጋሪ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2011 በካንሰር ሕመም ናይሮቢ ውስጥ ዐረፈች። በእንጨት ሣጥን እንዳትቀብሩኝ ብላ ስለነበር ሣጥኗ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእምቦጭ ተሠራ። ሥርዓቱ የተፈጸመው በኡሁሩ ፓርክ ነው፤ 60 ፎቁ ሊቆምበት በነበረው ሣር ላይ።

ካሩራ ዛሬም አለ። የናይሮቢ ሰው ቅዳሜና እሑድ በእግሩና በብስክሌት ይዞርበታል፤ በሩ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላል። ከዛፎቹ መካከል የትኛው ጥግ ላይ እንደነበር ባይጻፍም፣ አንድ ዕጩ ሥራ እሰጣችኋለሁ ያላቸው የላንጋታ ሰዎች ይሠሩበት ዘንድ ሚስቱ የከፈተችው የችግኝ ጣቢያ በዚያ ውስጥ ነበር።